«ጠቃሚ ነገር ጻፊ ይሉኛል፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቀን ቀን ታይዋን ገበያ አንድ የልብስ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልቦለድ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ የሚያነቡት ግን ጓደኞቼና የአክስቴ ልጆች ብቻ ናቸው። አንድ ሰው «የስኬት ጥቅስ ልቀቂበት፣ ሰው ይመጣል» አለኝ። ለቀቅኩ። ሰው ጨመረ፤ ልቦለዶቼን ግን የሚያነባቸው ጠፋ። ሌላው ደግሞ «ጠቃሚ ነገር ጻፊ» ይለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ጠበቃ አይደለሁ። ምን ጠቃሚ ነገር አውቃለሁ? እንዲህ እያልኩስ ደራሲነቴ አይጠፋም? ገንዘብ ከፍዬ ተከታይ ላብዛ ወይ? ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የጻፍኩትን ልቦለድ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ልቦለድሽን እዚህ ሐረር ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። አያትየዋ ከውሃው በፊት የሚንከባለለውን ድንጋይ የሰማችበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። «ምን አውቃለሁ?» ላልሽው መልሱ እዚያ ቦታ ላይ አለ።

እስቲ ደቻቱን በእንግዳ ዓይን እዪው። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ በይው፣ ወይም አዲስ የባጃጅ ሹፌር። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለየውን ያን ሰፊ አሸዋ ሲያይ ወንዝ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል፣ ዶፍ ሊወርድ እንደሚችል ማን ነግሮት ያውቃል? ያ ውሃ ቁልቁል ወርዶ መሃል ከተማ እንደሚደርስስ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። አንቺ ያን ጊዜ ልጅ ብትሆኚም፣ ቤታችሁ ውስጥ ሲወራ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። እንግዳው ግን አልሰማም።

ይህን ለእሱ ጻፊለት። ልቦለዱን ሳይሆን ጉዳዩን። ክረምት ሲገባ ዳር ዳሩን የሚኖሩ ሰዎች ወደ የትኛው ሰማይ ነው የሚያዩት? ምን ሲሰሙ ነው ልጆቻቸውን የሚጣሩት? መኪና የት አይቆምም? ዕቃ የት አያድርም? ውሃው ቢመጣ ከየትኛው ሰፈር በየት በኩል መውጣት ይቀላል? መልሱን ከራስሽ አታምጪው። ያን ሌሊት የነበሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ሂጂ፣ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። የሰማሽውን ከሌላ ሰው ጋር አመሳክሪ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና በመሰለኝ አይጻፍም። ከዚያ ልቦለድሽን በጻፍሽበት ጆሮ ጻፊው። የድንጋዩ ድምፅ እዚህም ይግባ። ልቦለዱ ውስጥ ልብ ያስደነግጣል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ሊያተርፍ ይችላል። መጨረሻው ላይ «ያን ሌሊት የሚተርክ ልቦለድ ጽፌያለሁ» በይና ሊንኩን አስቀምጪለት።

ደራሲነቴ ይጠፋል ብለሽ የፈራሽው ለዚህ ነው የማይገባኝ። ጠርቶ የተጻፈ ጠቃሚ ጽሑፍ ያው ድርሰት ነው። ማየት ይፈልጋል፣ መስማት ይፈልጋል፣ ቃል መምረጥ ይፈልጋል። ሰው መጀመሪያ ደራሲ ፍለጋ አይመጣም፤ የሚመጣው በራሱ ጉዳይ ነው። ጉዳዩን ከልብሽ ከሠራሽለት ግን ማን እንደጻፈው ዞር ብሎ ያያል።

ጥቅሶቹን ተያቸው። ሰው መጣ ብለሻል፤ የመጣው ለጥቅሱ ነው። ጥቅሱ ደግሞ የትም ሞልቷል። ነገ አንቺ ብታቆሚ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሥራሽም አለ። ታይዋን ለልብስ ከየቦታው ሰው ይመጣል። አንቺ ደግሞ ከሻጩ ወገን ሆነሽ ታዪዋለሽ። ስፌቱ የት ጋ ሲታይ ጥራቱ ይለያል? የትኛው ጨርቅ የድሬን ሙቀት ይችላል? ልብሱ ሳይለካ የሚገዛ ሰው ምን ላይ ይሸወዳል? ይህን የሚያውቅ ሁሉ አይጽፍም። አንቺ ትጽፊያለሽ። አደራ፣ የአሠሪሽን ሱቅ አታስተዋውቂበት። አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ የሚያምንሽ አታገኚም።

ከእኛም ከተማ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ስለ ጀጎል የሚጻፈው ብዙው አንድ ዓይነት ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በግንቡ የታጠረውን ጥንታዊ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እውነት ነው፣ መታወቅም አለበት። ነገር ግን ከድሬ በሚኒባስ መጥታ የወረደች ሴት የያዘችው ጥያቄ ሌላ ነው። በየትኛው በር ልግባ? ፈረስ መጋላ ለመድረስ ምን ያህል እሄዳለሁ? ቀሚስ የሚሰፋልኝ የት ነው? ለእሷ መኪና ግርግርን አሳዪያት። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ከሱቃቸው ፊት የሚቀመጡበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። በዚያ መንገድ እየሄደች የግንቡን ታሪክ ብትነግሪያት ደስ ብሏት ትሰማሻለች። ቀድመሽ ግን መንገዱን አሳዪያት።

ጊዜውንም አስቢበት። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከመላ አገሪቱ ሰው ይጎርፋል፤ በድሬ በኩል የሚያልፍም አለ። ቁልቢ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የድሬን ሙቀት አይቶ በስስ ልብስ የሚወጣ ሰው አለ። ስለ ማደሪያ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ልብስ የምትጽፊ ከሆነ ኅዳር ላይ አውጪው። በዋዜማው ቢወጣ ሰዉ መንገድ ላይ ነው፤ ማን ያነብልሻል?

የሚለዋወጥ ነገር ስትጽፊ ያጣራሽበትን ቀን ከሥሩ አስቀምጪ። ባቡርን ውሰጂ። ባቡር ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው ከዚራ ያለው የጥንቱ ጣቢያ ነው ትዝ የሚለው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚያጓጉዘው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያው ሌላ ነው፤ ከከተማው ወጣ ይላል። ይህ ለእንግዳ ትልቅ ጉዳይ ነው። የጉዞ ቀንና ዋጋ ግን ይቀየራል፤ ራስሽ ሄደሽ ሳትጠይቂ አትጻፊ፤ ሲቀየርም የድሮውን አርሚው።

ስለ አቀራረቡ ብዙ አልልም። ርዕሱ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ይሁን። ቴሌግራም መልእክት ሲገባ ስልክ ላይ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታና መግቢያ አታብዢ። ሐረርን በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም የሚጽፍ አለ፤ ለስልኩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ፈልጎ እንዲያገኝሽ ሁለቱንም አንድ አንድ ቦታ አስገቢ። ጥሩውን ጽሑፍ ፒን አድርጊው። ሰው ፎርዋርድ ሲያደርገው የቻናልሽ ስም አብሮት ይሄዳል፤ ያለ ወጪ የሚያስተዋውቅሽ ይኸው ነው። በሳምንት አንድ በቂ ነው፤ እሱ ግን ያለቀለት ይሁን። ልቦለዱንም አታቋርጪ፤ የራሱ ቀን ይኑረው።

ስለ ክፍያው፦ አትክፈዪ። የተገዛ ተከታይ ቁጥር ነው እንጂ አንባቢ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ስለሚጻፍ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ አንቺንም ተስፋ ያስቆርጥሻል። በዚያ ብር ሚኒባስ ተሳፍረሽ ደንገጎ ውጪ። እዚያ የሚኖሩትን ገበሬዎች ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በየት እንደሚወርድ ጠይቂያቸው። ክረምቱ ሳይገባ ጽሑፉን አድርሺው።