ውሃው የት ደረሰ?

ልጆቼ፣ እሳት አደጋ ሥራ የገባችሁም፣ ለመግባት የምታስቡም፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጥፋቴ ነው። ስለ ጀግንነት የሚያወራችሁ ሌላ ሰው አታጡም።

ሺፍት መሪ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ስንረከብ የምንፈርምበት መዝገብ አለ። ነዳጅ፣ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የመተንፈሻ ሲሊንደር፣ የታንከር ውሃ። ወጪው ተረኛ "ሁሉም ሙሉ ነው" አለኝ። እሱ አድሮ ደክሞታል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሳላይ ፈረምኩ።

የዚያኑ ዕለት ሌሊት ደሴ ውስጥ አንድ የሱቅ ረድፍ ተያያዘ። የድሮዎቹን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ጭቃና ባሕር ዛፍ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የጋራ። አንዱ ሲነድ እሳቱ በእንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ደረስን፣ ቱቦ ዘረጋን፣ መርጨት ጀመርን። እሳቱ እጅ ሊሰጥ ሲል ቱቦው እጃችን ላይ ለሰለሰ። ውሃ አለቀ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መስመር በደቂቃ 500 ሊትር ይረጫል ብትሉ፣ 5,000 ሊትር የያዘ ታንከር 10 ደቂቃ ያሠራችኋል። ግማሽ ከሆነ 5 ደቂቃ። የእኛው ግማሽ ነበር። ሌላ መኪና ውሃ ይዞ እስኪመጣ ሦስት ሱቅ ሄደ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን።

ጥፋቴ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሪፖርት ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ መንገዱ ጠባብ ነበር። ሕዝቡ መኪናውን አላሳልፍ ብሏል። ጥሪው ዘግይቶ ደርሶናል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። ሪፖርቱ ግን ከላይ እስከ ታች ውሸት ነበር፤ ታንከሩ የሚባል ነገር የለበትማ። በኋላ "ውሃው ለምን አነሰ?" ተብሎ ሲጠየቅ ማስጠንቀቂያው ለሹፌሩ ደረሰ። ያን ማታ ሌላ ሹፌር ተክተው የገቡ ሰው ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። እሳቸው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ የሠራ ሰው የጥጥን እሳት ያውቀዋል። የታሸገውን ጥጥ ላይ ላዩን ውሃ ታጠጡታላችሁ። ነበልባሉ ይጠፋል። ውስጡ ግን መንደዱን አይተውም። ፈትታችሁ፣ በትናችሁ ካላራሳችሁት ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይነሳል። እኔም ያን ሰሞን እንደዚያ ነበርኩ። ልጆቹን በረባ ባልረባው እቆጣ ነበር። መዝገብ ላይ ሲፈርሙ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፣ ራሴ ግን መዝገቡን ማየት ያስጠላኛል።

ከወራት በኋላ ሱቃቸው የተቃጠለባቸውን አንዲት እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና ላይ ደረስኩ። አልተቆጡኝም። ሲኒውን አቀብለውኝ "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሃው የት ደረሰ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸው እናታቸው ያወሩላቸው የነበረውን አነሱ። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጥለው ነበር። "ያኔ ማን ይጠየቃል? ጠላት ነው። እናንተ ግን የኛው ልጆች ናችሁ። እናንተን ካልጠየቅን ማንን እንጠይቅ?" አሉኝ።

ተጠያቂነት የሚለውን ቃል በየስልጠናው ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ያን ቀን ረከቦት አጠገብ ተቀምጬ ነው። እኒያ እናት የጠየቁኝ እንደ ልጃቸው ስላዩኝ ነው።

በማግስቱ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። "ታንከሩን ሳላይ ሙሉ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ሹፌሩ ጥፋት የለባቸውም።" ከዚህ ብዙም አይረዝምም። ደመወዝ ተቀጣሁ። የሹፌሩ ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ታንከር በወሬ አልተረከብኩም። ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፣ ፓምፑን አስነስቼ እሰማለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ለመንገዱም ሲባል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለእርዳታ ብትጠሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዛችሁ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ታንከሩ ጎደሎ ሲሆን ያ ውሃ በየኩርባው ከጎን ወደ ጎን እየተላጋ መኪናውን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሌላው፣ መሪ ስትሆኑ ከእሳቱ በላይ የሚከብዳችሁ ሕዝቡ ነው። መብራት ኃይል መስመሩን መቁረጡ ሳይረጋገጥ ውሃ አታስረጩም። ያን ጊዜ "ቆማችሁ የምታዩት ምንድን ነው!" እየተባላችሁ ትሰደባላችሁ። ድንጋይም ሊወረወር ይችላል። ቻሉት። ሰውዬው ቤቱ እየነደደ ነው፣ ቢሳደብ አይፈረድበትም። ግን ለስድቡ ብላችሁ አንድ ልጅ ወደ ውስጥ አትላኩ። ለሳጥን፣ ለቴሌቪዥን ብላችሁም አትላኩ። ጭሱ ከነበልባሉ ቀድሞ ይጥላል። የገባውን ቁጠሩ፣ የወጣውን ቁጠሩ። ቁጥሩ ሳይሞላ ሌላ ነገር አታስቡ።

እሳቱ ጠፍቶ ቱቦ ከተጠቀለለ በኋላ ደግሞ ተቀመጡና ተነጋገሩ። ግምገማ የሚለው ቃል እኛ አገር ሰውን ያስበረግጋል። ሁሉም ራሱን ለማዳን ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኔ ቡና ማስፈላት ጀመርኩ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ያውም ያጠፋሁትን። ቀጥሎ የሁላችንም ታናሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ትንፍሽ አላለም። አንድ ቀን ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ "ጋሼ፣ በሩ ላይ ቆመው ሲያዙን መውጫችንን ዘግተውብን ነበር" አለችኝ። ፊቴ ጋለ። እውነቷን ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦታዬን ቀየርኩ። እሷም አሁን የራሷን ሺፍት ትመራለች።

ሹፌሩ ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ይኖራሉ። ሁለተኛውን ሪፖርት ያስገባሁ ዕለት ልነግራቸው ሄጄ ነበር።

"አውቅ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"መሪዬ ነህ። አንተው እስክትናገር እየጠበቅኩህ ነበር።"

ስምንት ወር ነው የጠበቁኝ።