ቤት ከገባህ በኋላ ለምን ወጣህ?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነት ላይ እሠራለሁ። ባለፈው እሁድ በሒሳብ የተጣላሁት ልጅ ትከሻዬን በዱላ መታኝ። ቤት ገባሁ። እናቴ «ዛሬ እንዳትወጣ» ብላ ለምናኝ ነበር። ስወጣ መንገድ ላይ አገኘሁትና ክንዱን በሴንጢ ወጋሁት። ራሴን ነው የተከላከልኩት። ሴንጢ መያዝ ያስከስሳል? ሽማግሌዎች አስታርቀውናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጆንያ ገመድ የምትቆርጥበት ሴንጢ ከሆነ ሥራህ ያስረዳልሃል። ስለት መያዝን የሚከለክል የፀጥታ መመሪያ በአካባቢህ ካለ ግን አጣራ። ያንተ ጣጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሲመታህ ነግረኸኛል፣ ስትወጋው ነግረኸኛል። በመካከሉ ግን ቤት ገብተሃል። ምን ያህል ቆየህ? ሴንጢው ኪስህ ነበር ወይስ ከቤት አነሳኸው? ስትገናኙ ዱላው በእጁ ነበር? አንዱንም አልጻፍክም። ዓቃቤ ሕጉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የሚጠብቅህ ጥቃቱ ሲደርስብህ ወይም ሊደርስብህ ሲል ነው። ሌላ ማምለጫ ማጣትህና ምላሽህ ከአደጋው ጋር መመጣጠኑም ይታያል። ብዙ ደንበኞች «እሱ ነው የጀመረው» ብለው ይመጣሉ። ያ ቅጣት ለማቅለል ይረዳ ይሆናል እንጂ መከላከል አይባልም። ቤት ስትገባ የመጀመሪያው ጥቃት አብቅቷል። ተናደህ ወጥተህ ከወጋኸው በቀል ነው። እናትህ እንዳትወጣ መለመኗም ይህንኑ ያጠናክርብሃል። ቢሆንም ይህን እንዳትናገር ብለህ እንዳታስጠናት፤ ለእሷም ለአንተም መዘዝ ነው።

መንገድ ላይ እንደገና ዱላ አንስቶብህ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጠን ብታልፍ እንኳ በአንቀጽ 79 ቅጣቱ ይቀልልሃል። ያለፍከው በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርግህም ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልግህ ያችን ቅጽበት ያየ ሰው ነው። ሱቅ ከፍቶ የነበረ፣ ባጃጅ ያቆመ፣ ማንም ይሁን፤ ስሙን ይዘህ ወደ ጠበቃ ሂድ።

እርቁ ደግ ነው፤ የተፈረመ ወረቀት ካለ አስቀምጠው። ጉዳቱ ከባድ ሆኖ በአንቀጽ 555 ከተከሰስክ ግን ልጁ «ይቅር ብያለሁ» ስላለ ክሱ አይቀርም።

ፖሊስ ቢጠራህ ቅር፣ ተደበቅ አልልህም፤ ሂድ። ያለመናገር መብት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተሰጥቶሃል። ጠበቃ ሳታማክር ቃልህን አትስጥ። መክፈል ካልቻልክ ክስ ሲቀርብብህ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልህ ፍርድ ቤቱን ጠይቅ። ዛሬውኑ ደግሞ ትከሻህ ላይ ያለው ሰንበር ሳይጠፋ ጤና ጣቢያ ታይተህ የሕክምና ማስረጃ አውጣ።