መልስ፦ ለሙዚየም የሚሆን የድሮ ጋቢ በመኪና ይሰፋል ወይ?

እህቴ፣ እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹን ቤት ለሚያሳይ ሙዚየም ጋቢና የትራስ ልብስ በስፌት መኪና ብሰፋ ያስነቅፈኛል ወይ ብለሻል። የትራሱን ግድ የለም፣ መኪና ያኔም ነበር። ጋቢውን ግን በእጅሽ ስፊው።

ከሁሉ በፊት ክርሽን ፈትሺ። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው፣ በዚያ ቤት ዘመን አልነበረም። ጫፉን በክብሪት ለኩሺው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጠር ካለ ተይው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል።

ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ከሸማኔው የሚመጣው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ይጋጠማል። ጠርዙን አትቁረጪ፣ አንዱንም በሌላው ላይ አትደርቢ። ጫፍ ለጫፍ ገጥመሽ ላላ አድርገሽ ስፊ፣ ካጠበቅሽው ይሸበሸባል።

ሳትሰፊ በፊት እጠቢው፤ የእጅ ፈትል ይሰበሰባል። እኔ እዚህ አዳማ አንዴ ቸኩዬ ሳላጥብ ሰፍቼ፣ ደንበኛዬ ስታጥበው አንዱ ወገን ሁለት ጣት አጥሮ መለሰችልኝ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፣ ያውም በነፃ! ፀሐያችን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ምክንያት አልነበረኝም።

በረኪና ደግሞ አታስነኪው። የእጅ ፈትል መልኩ ወተት እንጂ ወረቀት አይደለም፤ ከነጣ አዲስነቱ ከሩቅ ይታያል። የምትገዢው ድሩም (የቁመቱ ክር) ማጉም (የአግድሙ ክር) የእጅ ፈትል መሆኑን ሸማኔውን ጠይቂው፣ ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ነው።