አንቴናው ሥሩ የሚወዛወዝ ዎኪቶኪ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ እኔ አዲስ አበባ ህንፃ ግንባታ ላይ ነው የምሰራው፣ ከታች ሆኜ ለታወር ክሬን ኦፕሬተሩ በዎኪቶኪ አቅጣጫ እሰጣለሁ። ከወር በፊት ሬድዮው ከእጄ ወደቀና አንቴናው የሚገባበት ብረት መወዛወዝ ጀመረ፣ አንቴናውን ሳጠብቀው ሥሩም አብሮ ይዞራል። በሱፐር ግሉ አጣብቄው ነበር ግን ኦፕሬተሩ አሁን የምለውን ግማሹን ነው ሚሰማው፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ይላል። ይሰራል ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሰራል፣ ግን በመጀመሪያ ያንን ሬድዮ ዛሬውኑ ከክሬኑ ስራ አውጣው። "ቁም" ብለህ ካልደረሰው ከጭነቱ ስር ያለው ሰው ነው የሚጎዳው፣ እስኪሰራ ድረስ ሌላ ሬድዮ ተዋሱ ወይ በሚተያይ ቦታ በእጅ ምልክት ስሩ።

ችግሩ ያለው ሥሩ አብሮ መዞሩ ላይ ነው። ኮኔክተሩን፣ ማለትም አንቴናው የሚገባበትን ብረት፣ ከውስጥ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ አንዱ አካሉን ከሬድዮው ጋር የሚያስረው ነው፣ እንደ ሬድዮው ዓይነት ዳዶ ወይ ትንንሽ ብሎን ወይ ወፈር ያለ የብየዳ እርሳስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው መሀል ያለችውን ፒን ከቦርዱ (ከውስጥ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ጠብታ እርሳስ ነው። ማሰሪያው ሲላላ አንቴናውን ባጠበቅክ ቁጥር ጉልበቱ በሙሉ እዛች ጠብታ ላይ ያርፍና ትሰነጠቃለች፣ ከዛ አንዴ ትነካለች አንዴ ትለቃለች። እንደዛ ሆኖ ለመናገር ስትጫን ደግሞ ሬድዮው የሚያስተላልፈው ኃይል መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ስለሚመለስ የማስተላለፊያው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል፣ ስለዚህ አንቴና በሌለበትም ሆነ በሚወዛወዝ አንቴና የንግግር ቁልፉን እንዳትጫን።

ባትሪውን አውጥተህ ክፈተው። ሱፐር ግሉው ውጪ ብቻ ከሆነ በመርፌ ፈቅፍቀህ ታነሳዋለህ፣ በአሴቶን ላሟሟው ግን አትበል፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ወደ ፒኑ ሰርጎ ከገባ ግን አትድከም፣ ኮኔክተሩን ቀይረው፣ ርካሽ ነው። ስትገዛ ፒኗ በየትኛው በኩል እንዳለች አይተህ ግዛ፣ ለምሳሌ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ላይ ፒኗ ያለችው ሬድዮው ላይ ነው፣ ብዙ ሌሎች ሬድዮዎች ላይ ደግሞ አንቴናው ላይ።

ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያ አካሉ እንዳይነቃነቅ አድርገህ እሰረው፣ ከዛ ነው ፒኗን የምትበይደው፣ ቀድመህ ከበየድክ ስታጠብቅ ትሰነጥቃታለህ። አሮጌውን እርሳስ አንሳ፣ ፍላክስ (እርሳሱ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባ፣ በአዲስ እርሳስ በየድ። አካሉ የታሰረው በእርሳስ ከሆነ ብረቱ ሙቀት ስለሚጠጣ ትንሽ የብየዳ ካውያ አይበቃውም፣ 40 ወይ 60 ዋት ይዘህ ፈጠን ብለህ ጨርስ፣ ብዙ ከቆየህ ቦርዱ ላይ ያለው መዳብ ይነሳል። የመዳቡ መስመር ተነስቶ ከሆነ ደግሞ በረጅም ሽቦ አትቀጥለው፣ ሬድዮው በ400 ሜጋኸርዝ ሲሰራ የሞገዱ ርዝመት 75 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ 2 ሳንቲሜትር ትርፍ ሽቦም ያበላሸዋል።

ሳትዘጋው ቴስተሩን ሲገናኝ ድምፅ በሚሰጥበት ላይ አድርገህ ከፒኗ ጫፍ እስከ ቦርዱ መስመር ለካ፣ ኮኔክተሩን በጣትህ እየነቀነቅክ ድምፁ መቆራረጥ የለበትም። ፒኗና አካሉ መሀል ድምፅ ቢሰጥ ቶሎ ተበላሸ አትበል፣ አንዳንድ ሬድዮ በስሪቱ እንደዛ ነው፣ ከደህና ተመሳሳይ ሬድዮ ጋር አስተያየው።

ከዛ አንቴናውን ከታች ሥሩ ላይ ይዘህ በጣት ብቻ አጥብቅ፣ በፒንሳ አይሆንም፣ ሬድዮውንም በአንቴናው አንጠልጥላችሁ አትያዙ። ወደ ክሬኑ ከመመለሱ በፊት ደግሞ ኦፕሬተሩ ካቢን ውስጥ ሆኖ፣ መንጠቆው ላይ ምንም ጭነት ሳይኖር፣ ሳይቱን እየዞርክ ከየጥጉ አናግረው።