ኦፓል ሲሰነጠቅ መፍትሔው ሙጫ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብሁት። ወሎ፣ ደላንታ ያሉ ወንድሞችህ በማኅበር ተደራጅተው ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ያወጣሉ፤ አንተ አዳማ ሆነህ የእነሱን ድርሻ እየተቀበልህ፣ ጥሬውን ለደላላ ከመስጠት ቆርጠህ ለመሸጥ አስበሃል። ነገር ግን ካመጣኸው ውስጥ ብዙው ገና ሳይቆረጥ መስኮት ላይ እንደተቀመጠ ተሰነጠቀብህ። አንዱ ሙጫ ውስጥ ንከረው፣ ሌላው ዘይት ቀባው፣ ሦስተኛው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሽጠው ብሎሃል። አሁን የምትጠይቀው የማይሰነጠቅ የተፈጥሮ ድንጋይ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

እኔም እዚሁ አዳማ ኦፓል እየቆረጥሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሦስቱንም ምክሮች ተዋቸው። የረጋ ኦፓል በመድኃኒት አይሠራም፤ ከማይረጋው ተለይቶ ይወጣል እንጂ። የአንተ ሥራ ድንጋዩን ማዳን ሳይሆን፣ መሰንጠቁ የማይቀረው ድንጋይ ገዢው እጅ ከመድረሱ በፊት አንተ ዘንድ እንዲሰነጠቅ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ለምን እንደሚሰነጠቅ ልንገርህ። የደላንታ ኦፓል የሚገኘው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ አመድ በተጋገረ ዐለት መካከል፣ በገደሉ ወገብ ላይ በተዘረጋ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው። ወንድሞችህ ገደሉን ወደ ውስጥ እየሰረሰሩ የሚከተሉት ይህንኑ ንብርብር ነው። (በዝናብ ወቅትና ከዝናቡ በኋላ ዐለቱ ርሶ ሳለ ያለ ድጋፍ እንዳይገቡ ንገራቸው። የዋሻ መደርመስ በዚያ አካባቢ የስንት ሰው ሕይወት እንደበላ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።) ኦፓሉ በውስጡ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ እንደ መስታወት ይጠራል፤ የቀለም ጨዋታውም፣ ማለትም ስታገላብጠው የሚለዋወጠው ኅብረ ቀለሙ፣ ይደበዝዛል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የአውስትራሊያ ኦፓል አብዛኛው እንዲህ አያደርግም።

ታዲያ ከእርጥብና ቀዝቃዛ ዐለት ውስጥ የወጣውን ድንጋይ አዳማ አምጥተህ ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ ስታስቀምጠው፣ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል። የደረቀው ቆዳ ሊሰበሰብ ይፈልጋል፤ እርጥቡ ልብ አይለቀውም። ከክረምት በኋላ ዋልካ መሬት የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የድንጋዩ ብቻ አይደለም። ቀስ ብለው ቢደርቁ ሊተርፉ የሚችሉ ድንጋዮች በመስኮትህ ላይ አልቀዋል። የቀሩትን ዛሬውኑ ከዚያ አንሣቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከውጭ አገር ትልልቅ ቆራጮች ጋር በማሽን አትወዳደርም። የእኛን ጥሬ ኦፓል በብዛት የሚገዛውና የሚቆርጠው የህንዱ ጃይፑር ነው፤ በፍጥነትም በጉልበት ዋጋም አትደርስባቸውም። እነሱ የማያገኙት አንተ ግን ያለህ አንድ ነገር አለ፤ ድንጋዩ ከየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ወር እንደወጣ ታውቃለህ። ጃይፑር የሚደርሰው ከረጢት ከብዙ ጉድጓድ የተቀላቀለ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ የሚወጣው ዓመት ተቀምጦ ንቅንቅ የማይል፣ ከጎኑ ካለው የሚወጣው ግን በሳምንት የሚፈረካከስ መሆኑን ከቆየህበት ራስህ ትለያለህ። ስለዚህ ወንድሞችህ የአንዱን ጉድጓድ ከሌላው ሳይቀላቅሉ፣ በተለያየ ከረጢት፣ የወጣበትን ወር ጽፈው እንዲልኩልህ አድርግ። ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ሥራ በማሽኑ ላይ የለም።

ማድረቂያው እንዲህ ነው። ድንጋዮቹን በወረቀት ጠቅልለህ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ንጹሕና ደረቅ የእንጨት ብናኝ መሃል ቅበራቸው። ሣጥኑን በቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል፣ መሬት ላይ አስቀምጠው። ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ለአዳማ ቀትር አይሆንም። በየጊዜው ከእያንዳንዱ ከረጢት ጥቂቱን እያወጣህ መዝን፤ የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልግሃል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ የሚቆርጥ ወዳጅ አለኝ፤ የእርሱ ድንጋዮች ከእኔ ዘግይተው ይደርቃሉ፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ቀን መቁጠሪያ አይጠቅምህም፤ ሚዛንህን እመን። እኔ ግን ሚዛኑ ቢረጋም ከመሬት ከወጣ ስድስት ወር ያልሞላውን ድንጋይ ወደ ማሽን አላስጠጋም።

ከደረቀ በኋላ በጠንካራ መብራትና አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነፅር እያንዳንዱን አገላብጠህ እይ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያለበትን ለብቻው አስቀምጥ። የተረፈውን ደግሞ ፈትነው። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሳድረው፤ በማግስቱ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨምረህ እስኪጠራ ጠብቅ፤ ከዚያ በዚያው ሣጥን ቀስ ብሎ ይድረቅ። ደረቅ ድንጋይ በድንገት ውሃ ውስጥ መወርወር ራሱ ስለሚሰነጥቅ ነው ጨርቁ የሚቀድመው። ይህን ደጋግሞ ያለፈ ድንጋይ ለመቆረጥ በቅቷል። የሚወድቀው ብዙ ነው፤ አትዘን። ደግሞም ማንም ቆራጭ መቶ በመቶ አይሰነጠቅም ብሎ ሊምልልህ አይችልም፤ ከማለ ሽሸው።

ስለ መቁረጡ ብዙ አልልም፤ እጅ የሚፈታው በሥራ ነው። የውሃ ጠጪውን ድንጋይ ልዩ ጠባይ ብቻ ልንገርህ። ማሽን ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ ከመጀመርህ በፊት ደረቅ ሳለ ቀለሙ የሚደምቅበትን ፊት ለይተህ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። በብዕር ወይም በማርከር ካደረግህ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለዘለቄታውም ሊቀር ይችላል። ማቀዝቀዣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ዘይትም ናፍጣም አይሆንም። ሌላ ባለቀለም ድንጋይ የቆረጥህበትን ጭቃማ ውሃ ሳትቀይር ኦፓል ካስገባህ ነጩ ድንጋይ ቢጫ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ማጥሪያው ላይም አረንጓዴውን የክሮም ዱቄት አትጠቀም፤ ነጩ ሴሪየም ወይም የአልማዝ ዱቄት ይሁን። ለመቁረጥ በምትይዝበት ዱላ ላይ በሰም ስታጣብቀው ድንጋዩን ወደ እሳት አታስጠጋ፤ ከሰሙ ጋር በአምፖል ሥር ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሙጫ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ በኋላ ተፍቆ በሚጠፋው ጀርባ ላይ ብቻ ይሁን።

ከደረቅ ዲስክ ራቅ። አንዳንዱ ቀለሙ እንዲታየው ብሎ ያለ ውሃ ይሞርዳል። ሙቀቱ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ የሚቦነው ደግሞ ሲሊካ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። በውሃ እየሠራህም ጭምር አፍና አፍንጫህን በደህና ጭምብል ሸፍን።

ሌላም አለ። ቅርፁን በሻካራው ካወጣህ በኋላ ወደ ማጥሪያው አትቸኩል። ወደ ሣጥኑ መልሰህ ለጥቂት ሳምንታት አሳርፈው። ድንጋዩ ሲቀንስ አዲስ ፊት ስለሚወጣ፣ ቀድሞ ያልታየ ስንጥቅ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የከሰርኸው ግማሽ ሥራ ነው፤ ካጠራኸው በኋላ ቢሆን ሙሉውን ነበር። ትልቅ ለማስመሰልም አታሳሳው፤ የሳሳ ኦፓል ገና ቀለበት ላይ ሲሰካ ይሰበራል። 8 በ6፣ 9 በ7፣ 10 በ8 ሚሊሜትር በሆኑ የተለመዱ ልኮች ቁረጥ፤ ለእነዚህ የተዘጋጀ መሰኪያ ስላለ አንጥረኛው ሳያንገራግር ይወስዳል። ከጥሬው ክብደት ሲሶው ከተረፈህ ደህና ቆርጠሃል።

ስለ ሽያጩ። ውሃ ውስጥ እንዳለ ሽጠው ያለህ ሰው ማጭበርበር ነው የመከረህ። ውሃ ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ሚዛኑንም ያከብዳል፤ ገዢው የከፈለበት ውሃ ደግሞ በማግስቱ ይተንናል። የእኛ ኦፓል ስሙ ባልሆነ ምክንያት አልተበላሸም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመንዝ የወጣው ቡናማ ኦፓል ብዙው ገዢው እጅ ላይ እየተሰነጠቀ አሳፈረን። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የደላንታው ሲመጣም ገዢዎች በዚያው ዓይን ነበር ያዩት። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ እዚያው ወሎ፣ ከስጣይሽ በኩል የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ቢወጣም፣ ነጩን በጭስ አጥቁረው የሚሸጡ ስላሉ እሱም ይጠረጠራል። በሙጫ የተሞላ፣ በቀለም የተነከረ ወይም በጭስ የጠቆረ ድንጋይ መሸጥ ይቻላል፤ የተደረገበትን ተናግረህ ከሆነ ብቻ። የተፈጥሮ ብለህ ከሸጥኸው ግን ሌብነት ነው።

እኔ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት እሰጣለሁ። የወጣበት አካባቢና ወር፣ የተቆረጠበት ወር፣ ምንም ያልተደረገበት መሆኑ፣ በደረቁ ስንት ካራት እንደሆነ ትናገራለች (አምስት ካራት አንድ ግራም ነው)። በዓመት ውስጥ ሳይመታ በራሱ ከተሰነጠቀ እቀይራለሁ ይላል የመጨረሻው መስመር። ሽቶና ዘይት እንዳይነካው፣ ከራሰም በራሱ እንዲደርቅ እንጂ ፀጉር ማድረቂያ እንዳይነፋበት በቃል እነግራለሁ። ለቀለበት ከሚፈልገው ይልቅ ለአንገትና ለጆሮ ጌጥ ለሚፈልገው ደስ ብሎኝ እሸጣለሁ፤ ቀለበት ዕቃ ያጥባል፣ በር ይመታል።

አዳማ ውስጥ ገዢው ጥቂት ነው፤ ወርቅ ቤቶቻችን ወርቅ እንጂ ድንጋይ አያውቁም። ለስብሰባ መጥተው ሆቴሎቻችን የሚያርፉ እንግዶች አልፎ አልፎ ይገዛሉ። ቋሚው ገበያ አዲስ አበባ፣ በቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆችና የብር አንጥረኞች ናቸው። ፎቶ ስታነሣ ደረቅ ድንጋይ አንሣ፤ በጥላም በፀሐይም አሳይ። ዋጋውን የሚወስነው በመጀመሪያ የድምቀቱ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጣል። ወደ ውጭ ለመላክ ከማሰብህ በፊት ግን ፈቃድህን ጨርስ። የከበሩ ማዕድናትን መቁረጥም ሆነ መላክ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ በዘመድ ሻንጣ መላክ ድንጋዩንም አንተንም ያስወስዳል።

ሁሉንም ለመቁረጥም አትሞክር። ቀለሙ መካከለኛ የሆነው ድንጋይ የመቁረጫውን ድካም አይመልስም፤ በጥሬው ይሂድ። መስኮት ላይ የተሰነጠቁብህን ደግሞ እጅህን ለማፍታታት ተጠቀምባቸው፤ ለመማሪያ ደህና ድንጋይ ማባከን የለብህም። ከሚሸጠው ጥሬ ጋር ግን አንዱንም አትቀላቅል። ገዢ አንድ የተሰነጠቀ ካገኘ የከረጢቱን ሁሉ ዋጋ በዚያ ልክ ነው የሚያወርደው።