አሜሪካ ያሉ የሃይማኖት ዩኒቨርሲቲዎች፦ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ቤተሰብ። እኔ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው ተምሬ የጨረስኩት፣ አሁን ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያሉ የኛን ልጆች አፕሊኬሽን ሲሞሉ አግዛለሁ። ሰሞኑን ልጆቹ መልስ እየደረሳቸው ስለሆነ ወላጅም ተማሪም ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ልጄን ጆርጅታውን ተቀበሉት። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ትምህርት ቤቱ የጀስዊቶች፣ የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ፣ በሱስንዮስ ዘመን ያደረጉትን እናውቃለን። ሃይማኖቱን ያስቀይሩብኝ ይሆን?

መልስ፦ እናቴ እንኳን ደስ አለዎት! ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ጃንሆይ ራሳቸው በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያስጀመሩት በጀስዊቶች ነው፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ሉሲየን ማት ጀስዊት ነበሩ፣ ሰውየዎቹ የቄስ ልብሳቸውን ትተው ሳይሰብኩ ነው ያስተማሩት። ጆርጅታውንም ልጅዎን ቅዳሴ ግባ ብሎ አያስገድደውም። ግዴታው ሁለት የቲኦሎጂና ሁለት የፍልስፍና ኮርስ ነው፣ እሱም ጥያቄና ክርክር የሚበዛበት ትምህርት ነው እንጂ ስብከት አይደለም፣ ሙስሊሙም አይሁዱም ይወስደዋል። የኦርቶዶክስ አገልግሎትም ግቢው ውስጥ አለ፣ ግን የግሪኮቹ አይነት ስለሆነ ለቁርባን የኛው ቤተክርስቲያን ይሂድ፣ ዲሲ ደግሞ በዚህ አይታማም።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ካፌ እየበላ መጾም ይችላል?

መልስ፦ ይችላል ግን ይጠንቀቅ። ካቶሊኮቹ በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ስጋ ይተዋሉ እንጂ ዓሳውም እንቁላሉም አይቡም ይቀርባል፣ ስለዚህ የጾም ምግብ ነው ሲሉት ዝም ብሎ እንዳያነሳ፣ ቪጋን የሚለውን ይፈልግ። የበለጠ የሚያስቸግረው በዓሉ ነው። እረፍት የሚሰጡት በነሱ ፋሲካ ነዋ። በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋለና ተገላገልን፣ በ2024 ግን የነሱ ማርች 31 የኛ ሜይ 5 ነበር፣ ሜይ መጀመሪያ ደግሞ የፋይናል ሰሞን ነው። ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ለፕሮፌሰሮቹ ኢሜይል ይጻፍላቸው፣ በስቅለት ዋዜማ ሲጻፍ ሰበብ ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፣ ሂጃብ እለብሳለሁ። ካቶሊክ ኮሌጅ ይከብደኛል?

መልስ፦ እህቴ ክፍል ውስጥ መስቀል ተሰቅሎ ታያለሽ፣ እሱን ከአሁኑ እወቂው። ግን ጆርጅታውን በ1999 ሙሉ ጊዜ የሚሰራ ኢማም የቀጠረ ነው፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው፣ ግቢው ውስጥም ውዱእ ማድረጊያ ያለው መስጊድ አለ። እንደኔ እንደኔ ጸሎት ለሚያውቅ ሰው የሰላት ሰዓቴ ደረሰ ብሎ ማስረዳት ይቀላል። ሌላው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ኖትርዳም ከሆነ ያመለከትሽው ደግሞ ዶርሙ የሴትና የወንድ ተብሎ ተለይቷል፣ ወንድ እንግዳ በአዘቦት ቀን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ብሮ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ዩታ ያለው ብሪገም ያንግ በዋጋ ተመቸኝ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሜ እዚህ ላይ ረጋ በል። የሞርሞኖች ቤተክርስቲያን ንብረት ነው፣ የቤተክርስቲያኑ አባል ላልሆነ ክፍያው እጥፍ ነው፣ እንደዛም ሆኖ ከብዙ የግል ዩኒቨርሲቲ ይረክሳል። ግን ስትገባ የምትፈርመው የስነምግባር ደንብ አለ፣ አልኮልና ሲጋራ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቡናና ሻይም ክልክል ነው፣ ከግቢ ውጪም ጭምር፣ እናትህ ጋ ሄደህ አቦል መጠጣት ራሱ ደንብ መጣስ ነው። ፂም ያለ ልዩ ፈቃድ አይቻልም። የመጽሐፈ ሞርሞን ትምህርት ያለበት 14 ክሬዲት የሃይማኖት ኮርስ ትወስዳለህ፣ በየዓመቱም ከሃይማኖት መሪ የድጋፍ ማረጋገጫ ያስፈልግሃል፣ አባል ላልሆነ የራሱ ፓስተርም ሊሰጠው ይችላል። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አባል የነበረ ተማሪ ቤተክርስቲያኑን ከለቀቀ ማረጋገጫውን ያጣል፣ ማረጋገጫ ከሌለ ደግሞ መቀጠልም መመረቅም የለም። ስለዚህ ክፍያው ግማሽ ይሆንልኛል ብለህ ሳታምንበት እንዳትጠመቅ፣ በእምነት አይነገድም፣ ኋላ ልብህ ቢመለስ ዲግሪህም አብሮ ይያዛል።

ጥያቄ፦ ሃዋርድም የሃይማኖት ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ1867 ሲመሰረት የቤተክርስቲያን ሰዎች ነበሩበት፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍልም አለው፣ ግን የሚያስተዳድረው ቤተክርስቲያን የለም።

ጥያቄ፦ ዲፖዚት ከመክፈላችን በፊት ምን እንይ?

መልስ፦ ብሮሹሩን ተዉትና የተማሪ መመሪያውን አውርዱ። የግዴታ ኮርስ ስንት ነው፣ ጸሎት ላይ መገኘት ግዴታ ነው ወይ፣ ዶርም ስንት ዓመት ያስገድዳል፣ ደንብ የጣሰ ምን ይደረጋል፣ እነዚህን ፈልጉ። ሴቶች ደግሞ ክሊኒኩ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካቶሊክ ግቢ ላይ ብዙ ጊዜ ገደብ አለው፣ ጆርጅታውን ሱቆቹ ኮንዶም አይሸጡም። ያልገባችሁን በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም። ብዙዎቹ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው።