ክራንቼን ሲያዩ «ቦታው ተይዟል» አሉኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ለአንድ ድርጅት ሥራ አመልክቼ በስልክ አናገሩኝና «ነይና እንፈራረም» አሉኝ። ስሄድ ክራንቼን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይቅርታ፣ ቦታው ተይዟል» ተባልኩ። ማስታወቂያው ግን እስካሁን አልወረደም። ጓደኛዬ «ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሂጂ» ትለኛለች። እሱስ ያው የመንግሥት ቢሮ አይደል? ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ጥርጣሬሽ አይገርመኝም። የኮሚሽኑ በጀት በአብዛኛው ከመንግሥት ነው። ቢሆንም ከሚኒስትር ትእዛዝ እንዲቀበል አይደለም የሚቋቋመው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበላቸው «የፓሪስ መርሆዎች» የሚባሉት የሰብአዊ መብት ተቋማት መመዘኛዎች ነፃነቱ እንዲጠበቅ ይጠይቃሉ። ሙሉ በሙሉ ያሟላ ተቋም «ኤ»፣ በከፊል ያሟላ «ቢ» ደረጃ ያገኛል። የአገርሽ ኮሚሽን ምን እንዳገኘ እዪ፤ «ኤ» ስላለው ብቻ ግን ጎበዝ ነው ማለት አይደለም።

የአድልዎ ትልቁ ጣጣ ማስረጃው ያለው አድልዎ በፈጸመው ሰው እጅ መሆኑ ነው። ማን አመለከተ? ማን ተቀጠረ? መቼ? አንቺ ብትጠይቂ ማን ይነግርሻል! ብዙ ኮሚሽኖች ግን ሰነድ የማስቀረብና ሰው ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው፤ «ተይዟል» የተባለው ቦታ በእርግጥ ተይዞ እንደነበር የሚታወቀውም ያኔ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይሄ ነው።

ፍርድ ቤት እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ ያስማማል ወይም ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፣ አሠሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ደግሞ ማስገደጃ የሌለው ብዙ ነው። ካናዳ ውስጥ ኮሚሽኑ ጉዳዩን ካሳ ማዘዝ ወደሚችል ልዩ የዳኝነት አካል ይመራል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ኮሚሽኑ ራሱ በእኩልነት ፍርድ ቤት ክስ ሊመሠርት ይችላል። አንዳንዱ አገር ሥልጣኑ በመንግሥት ሠራተኞች ጥፋት ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ ስትደውዪ መጀመሪያ «የግል አሠሪ ላይ የቀረበ አቤቱታ ትቀበላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። አንቀበልም ካሉሽ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ጠበቃ ጋ ሂጂ።

ሕጉ ከጎንሽ ነው። የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በቅጥር ላይ አድልዎን በግልጽ ይከለክላል፣ አፈጻጸሙን የሚከታተል ነፃ አካል እንዲኖርም ያዛል። አገርሽ አጽድቃው ከሆነ አቤቱታሽ ላይ ጥቀሺው።

ዛሬውኑ የማስታወቂያውን ፎቶ ከነቀኑ አንሺ፣ የስልክ ጥሪውን መዝገብ እንዳታጠፊ፣ ማን ምን እንዳለሽ ሳይረሳሽ ጻፊው። ጊዜም አትፍጂ፤ ሕንድና ካናዳን ጨምሮ ብዙ ቦታ አቤቱታው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ላይታይ ይችላል።